የጭነት መስመር

ቅጹ ጠረጴዛው ላይ፣ ከጨው ዕቃው አጠገብ፣
ሰባት ሣጥን ይዞ፤ ዓርብ ነው ቀነ ገደብ።
እኔ ገና ገባሁ ከሌሊቱ ሥራ፣
ቀይ የማዕድን ትቢያ ከጫማዬ ጋራ።
መጋቢት ነው ማርኬት፣ ሐይቁ እንደታሰረ፤
የመርከብ መጫኛው ቦይ ሲበየድ አደረ።

አይላ ፊት ለፊቴ፣ እርሳስ በጆሮዋ፣
የላጲስ ፍርፋሪ ሞልቶ በጉያዋ።
«አሥራ አንደኛ ክፍል» አለች «ቀልድ የለውም፤
ዩኒቨርሲቲ ሲያይ ከዚህ ሌላ አያይም።»
ከዚያ እንደ ዕዳ መዝገብ ጣቷን እያስኬደች፣
የከበደ የከበደውን አነበነበች፦
ከፍተኛ ኬሚስትሪ፣
ካልኩለስ፣ ፊዚክስ፣
የአሜሪካ ታሪክ፣
ድርሰት የበዛበት እንግሊዝኛ፣
ፈረንሳይኛ ሦስት፤
ሰባተኛው ሣጥን ውስጥ፣ ጥግ ይዞ፣ ትሮምቦን።

«ስንት ነው የቤት ሥራው?» አልኳት እንደ ዋዛ።
«ላንዱ አንድ ሰዓት ነው፤ ካልኩለስ ሲበዛ
ሁለት ይሆናላ።»
እኔ ከሒሳብ ወገን የማውቀው ቶን ነው፤
ሰዓቱን በጣቴ ደመርኩት እንደዚያው።
ከባንድ ልምምድ መልስ፣ እራቷን በልታ፣
ማታ አሥራ ሁለት ላይ ወንበሯን ጎትታ
ብትጀምር፣ ሳትነሣ፣ ሳታወራ፣ ሳትስቅ፣
ከሌሊቱ ሰባት ነው ሥራው የሚያልቅ።
አውቶቡሱ ደግሞ ጎሕ ሳይቀድ ይመጣል፤
ቅዳሜ ዳቦ ቤት ሊጥ ይጠብቃታል።
«ሰዎች ያደርጉታል» አለች።
«የትኞቹ ሰዎች?»
ዝም።

ሬኖም፣ ታላቅ ወንድሟ፣ ያለኝ ይህንኑ ነው።
ሁሉን ሞላ ያን ዓመት፤ ማን ሊከለክለው?
ኅዳር ላይ፣ በትምህርት ቤቱ መኪና ማቆሚያ፣
ሞተሩ እየሠራ፣ መስታወቱ በትንፋሹ ታፍኖ፣
ግንባሩ መሪው ላይ፣ ተኝቶ አገኘሁት።
ዛሬ ደኅና ነው፤ ጎታች ጀልባ ላይ ይሠራል፤
ይበላል፣ ይቀልዳል።
መጽሐፍ ሲከፍት ግን ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

«ትሮምቦኑን ተይው» አልኳት።
የማይረባ ነገር ተናገርኩ መሰለኝ፣
እርሳሷን አስቀምጣ ትኩር ብላ አየችኝ።
«አባዬ፣ መርከቡ ባዶውን ሲመለስ፣
ምን ይሞሉበታል፣ ነፋሱ ሲነፍስ?»
«ውሃ» አልኩ። አፌ ነው የመለሰው።
«ለምን?»
«እንዳይንገላታ።»
«እንግዲያስ» አለችኝ።

ተረታሁ።
የዳቦውን ከረጢት ቀድጄ ዘረጋሁ፣
የመርከብ ጎን ሣልሁ፣ መስመር አሰመርሁ፦
«ይኸኛው የበጋው ነው፤ እስከዚህ ቢሰምጥ ሐይቁ ይታገሣል።
ከሥሩ ያለው የኅዳር ነው።
ያው መርከብ፣ ያው ብረት፣ ያው ካፒቴን፤
ኅዳር ላይ ግን ያነሰ ይጭናል፣
ማዕበሉም ቦታ ይፈልጋላ።
ቀሎ የሄደም ይንገላታል፣ እሱን አንቺ ነገርሽኝ።
አየሽ፣ ቅጹን የምንሞላው በመጋቢት ነው፣
ሐይቁ እንደ ድንጋይ ዝም ብሎ ሳለ፤
የምትሸከሚው በኅዳር ነው።»

ላጲሷን አነሣች። ፊዚክስ ላይ ቆመች፤
ወደ ታሪክ ሄደች፤ ተመልሳ መጣች፤
ፊዚክስን ፋቀች። በኅዳጉ ላይ ግን
«ለአሥራ ሁለተኛ» ብላ ጻፈች፣ ሁለቴ አሰመረችበት።
ባዶው ሣጥን ውስጥ፣ እንደሚያፍር ሰው፣ በደቃቅ ፊደል፦
«የጥናት ክፍለ ጊዜ»።
ኬሚስትሪውን ላስነሣ እጄን ስዘረጋ
በእርሳሷ መታችኝ።
አሁንም ከባድ ነው። ይሁን።

ፈረምሁ። አውራ ጣቴ ያልታጠበ ኖሮ፣
ቀይ አሻራ ቀረ ከስሜ ተዳብሮ።
«አበላሸኸው!» አለች፣ ብናኙን እፍ እያለች፤
ሌላ ቅጽ ግን አላመጣችም፤
አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።
የዳቦውን ከረጢት መቼ እንደወሰደችው አላየሁም።